የደጓሹ ብረት ምን ይመሰክራል?

ባለፈው ዓመት ለአንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር፡፡ ችሎቱ ለከሰዓት በኋላ በመተላለፉ ጊዜ ለማሳለፍ አንድ የጥንታዊ ዕቃዎች መሸጫ ሱቅ ገባሁ፡፡ ከብር መስቀሎችና ከማርትሬዛ ብሮች መካከል አንድ የብራና ዳዊት ተቀምጧል፡፡ ገበታው የዋንዛ እንጨት ነው፡፡ የለበሰው ቆዳ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡኒ ሲሆን መሐሉ ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን ደግሞ በጋለ ብረት የተመታ ጌጥ አለው፡፡ አንሥቼ ሳገላብጠው እጄ ያወቀው መሰለኝ፡፡

«ጋሼ፣ እሱ የጎንደር ዘመን ነው» አለኝ ባለሱቁ፡፡ (እዚያ ቤት ውስጥ ከጎንደር ዘመን ወዲህ የተሠራ ነገር ያለ አይመስልም፡፡) ከየት እንደመጣ ስጠይቀው «ከጎጃም» አለ፡፡

የአያቴ ዳዊት ደብረ ማርቆስ ከሚገኘው ቤታችን የጠፋው በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጡ ሰሞን ነው፡፡ ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም፡፡ አያቴ ጠዋት ጠዋት የሚደግሙት፣ ከማኅደሩ ሲያወጡት የቆዳው ሽታ ክፍሉን የሚሞላው መጽሐፍ ነበር፡፡ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቆሜ መጀመሪያ ያደረግሁት ስማቸውን መፈለግ ነው፡፡ አንባቢ እንደሚያውቀው በብራና ዳዊት ውስጥ በየመዝሙሩ መጨረሻ በሚገቡ አጫጭር ልመናዎች ላይ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይጻፋል፡፡ በዚህኛው ላይ ግን ስሙ በሁሉም ቦታ በምላጭ ተፍቋል፡፡ የተፋቀው ቦታ ነጣ ብሎ፣ ብራናው ሳስቶ ይታያል፡፡

ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ስሜቱን ወደ ጎን ትቶ የማስረጃን ነገር ማሰብ ይጀምራል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግዙፍነት ያለውን ተንቀሳቃሽ ንብረት በእጁ የያዘን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል፡፡ ግምቱን ማፍረስ የሚገባው የኔ ነው የሚለው ወገን ነው፡፡ ታዲያ በምን ላፍርሰው? የመጽሐፉ ቃል አይረዳኝም፤ መቶ ሃምሳው የዳዊት መዝሙር ከየትኛውም ዳዊት ጋር አንድ ነው፡፡ የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ ሊረዳኝ ይችል ነበር፤ ነገር ግን የማወዳድርበት ሌላ የዚያ ጸሐፊ መጽሐፍ የለኝም፡፡ ስሙ ተፍቋል፡፡ የቀረው ልባሱ ነው፡፡ ስም የፋቀው ሰው ቆዳው ላይ ስላለው ጌጥ አልተጨነቀም፡፡

ስለዚህ ጌጥ ጥቂት ልበል፡፡ በሀገራችን የመጽሐፍ ሥራ ብዙ እጅ አለበት፡፡ ብራና ፋቂው አለ፣ ቁም ጸሐፊው አለ፣ ሥዕልና ሐረግ የሚያወጣው አለ፣ በመጨረሻም ደጓሹ አለ፡፡ አንዳንዴ አንድ ሰው ሁሉንም ይችላቸዋል፡፡ ደጓሹ የተጻፉትን ጥራዞች በጅማት ወይም በጠንካራ ፈትል አንዱን ከአንዱ ጋር እያቆላለፈ ይሰፋል፡፡ ፈትሉ በገበታዎቹ ጠርዝ በተበሱ ቀዳዳዎች በኩል ያልፍና እንጨቱን ከብራናው ጋር ያስራል፡፡ ይህ አሰፋፍ ከጥንቶቹ የግብፅ ክርስቲያኖች መጻሕፍት አሰፋፍ ጋር ዝምድና ያለው ሲሆን በሌላው ዓለም አብዛኛው ቦታ ከተረሳ በኋላ እኛ ዘንድ እስከ ዘመናችን ቆይቷል፡፡ ሆላንድ የኖረው ያኖሽ ሲርማይ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ስለ መካከለኛው ዘመን የመጽሐፍ ጥረዛ በሚያትት ትልቅ ሥራው ለኢትዮጵያ መጻሕፍት ራሱን የቻለ ምዕራፍ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ከርሱ በፊትም ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ መጽሐፍ ሥራችን ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትመዋል፡፡

ስፌቱ ሲያልቅ ገበታው ቆዳ ይለብሳል፡፡ የቆዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በመካከሉ የሚቀረው ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ በጨርቅ ይሸፈናል፤ ሐር፣ ጥለት ያለው የሕንድ ጥጥ፣ ያገኙት ሁሉ ይገባል፡፡ አንዳንድ ትንንሽ መጻሕፍት ላይ መስታወት የሚገባበትም ጊዜ አለ፡፡ ከዚያ ብረቱ ይመጣል፡፡ ደጓሹ ጫፋቸው ላይ ልዩ ልዩ ቅርጽ የተቀረጸባቸው፣ እንጨት እጀታ ያላቸው ትንንሽ ብረቶች አሉት፡፡ አንዱ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል፣ ሌላው ክብ በክብ ውስጥ፣ ሌላው የተጠላለፈ መረብ፣ ሌላው ሞገድ፣ ሌላው ቅጠል፡፡ ቆዳውን በትንሹ ያረጥበዋል፣ ብረቱን ፍም ላይ ያግላል፣ ሙቀቱን ይለካል፣ ይጫናል፡፡ ሲበዛ ቆዳው ያራል፤ ሲያንስ ምልክቱ ከዓመት በኋላ ይጠፋል፡፡ በአንድ ገበታ ላይ ያ አንድ ብረት በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ያርፋል፡፡ ወርቅ የለም፣ ቀለም የለም፡፡ የጠቆረ ጎድጓዳ ምልክት ብቻ ነው፡፡

ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ ያን ብረት የሠራው ፋብሪካ አይደለም፡፡ የሰፈሩ ቀጥቃጭ በመዶሻና በሞረድ ያወጣው ነው፡፡ ሁለት መረብ ለመሥራት ቢታዘዝ እንኳ ሁለቱ አንድ አይሆኑም፡፡ አንዱ መስመር ይወፍራል፣ አንዱ ጥግ ይጎብጣል፡፡ እንግዲህ ሁለት መጻሕፍት ላይ አንድ ዓይነት ጉድለት ያለው ምልክት ከተገኘ ሁለቱም ላይ ያረፈው አንድ ብረት ነው ማለት ነው፡፡ በዕድሜ የኔ እኩዮች የሆኑ የሕግ ባለሙያዎች የጽሕፈት መኪናን ነገር ያስታውሱ ይሆናል፡፡ ስም የሌለው ደብዳቤ የተጻፈበት መኪና የሚታወቀው አንዷ ፊደል ስለተሰበረች ወይም ከመስመር ስለወጣች ነበር፡፡

ይህን ዘዴ ወደ ሙሉ የጥናት ዘርፍ ያሳደጉት ከሁሉ ይልቅ የፈረንሳይ መጽሐፍ አዋቂዎች ናቸው፡፡ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የመኳንንቱ መጻሕፍት ዙሪያቸውን በወርቅ በተመታ፣ የሴት ልጅ ዳንቴል በሚመስል ጌጥ ይዋቡ ነበር፤ አጻጻፉም ሆነ አጠራሩ ያው «ዳንቴል» ነው፡፡ ከጠራዦቹ መካከል ስማቸው የገነነው አንቷን ሚሼል ፓደሉ (1685-1758 እ.ኤ.አ.) እና ኒኮላ ደኒ ደሮም (1731-1790 እ.ኤ.አ.) ናቸው፡፡ ደሮም ከዳንቴሉ መካከል ክንፏን የዘረጋች አንዲት ትንሽ ወፍ ማሳረፍ ይወድ ነበርና ለብዙ ጊዜ ወፊቱን ያየ ነጋዴ ሁሉ «ደሮም ነው» እያለ ዋጋውን ይሰቅል ነበር፡፡ በኋላ ግን ምልክቶቹ አንድ በአንድ ሲለኩ ወፊቱ አንዲት ብቻ አለመሆኗ፣ ሌሎች ጠራዦችም የየራሳቸውን ወፍ ማስቀረጻቸው ታወቀ፡፡ ክንፏ ትንሽ ከፍ ያለች፣ ራሷ ወደ ሌላ ጎን የዞረች ወፍ የሌላ ሰው ወፍ ናት፡፡ ብረት ደግሞ ይወረሳል፤ ደሮም ሲሞት ቤቱን የተረከበው ብራደል የሚባለው የወንድሙ ወይም የእህቱ ልጅ ነው፡፡ ስለዚህ አዋቂዎቹ በአንድ ብረት አይፈርዱም፡፡ ጠራዡ የነበሩትን ብረቶች በሙሉ በአንድ ላይ ይሰበስባሉ፤ ከነዚያ ውስጥ አራት አምስቱ በአንድ መጽሐፍ ላይ አብረው ሲገኙ ያን ጊዜ ስም ይጠራሉ፡፡ ራፋኤል ኤስሜሪያን የተባለው ሰብሳቢ ዕድሜውን በዚህ ሥራ ላይ አሳልፏል፤ መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ ሲሸጡ የወጡት የሽያጭ መዘርዝሮች እስከ ዛሬ እንደ ማመሳከሪያ ይጠቀሱበታል፡፡

እኛ ዘንድ ያለው ችግር ከዚህም ይብሳል፡፡ የፓሪሱ ጠራዥ አንዳንድ ጊዜ ስሙ የታተመበት ቁራጭ ወረቀት መጽሐፉ ውስጥ ይለጥፍ ነበር፡፡ የኛ ደጓሽ ምንም አይልም፡፡ በመጽሐፉ መጨረሻ ያጻፈው ባለጸጋ ይመሰገናል፣ ጸሐፊው ስለ ነፍሱ ይለምናል፣ መጽሐፉን የሚሰርቅና ስም የሚፍቅ ሰው ይወገዛል (ውግዘቱ የሱቁን ሰው እንዳላስፈራው ግልጽ ነው)፤ የደጓሹ ስም ግን በአብዛኛው የለም፡፡ ቆዳውን ያለፋው ሰውና ብረቱን የቀጠቀጠው ሰውማ ጭራሽ አይነሡም፡፡ አንዱን ፋቂ፣ ሌላውን ቡዳ እያልን ስንሰድብ ኖረን የእጃቸውን ሥራ ግን መቅደስ ውስጥ አስገብተናል፡፡ ይህን ነገር ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ፡፡

ከሱቁ የወጣሁት ባለሱቁ መጽሐፉን ለሁለት ሳምንት እንዲያቆይልኝ ለምኜ፣ የገበታውንም ፎቶግራፍ በስልኬ አንሥቼ ነው፡፡ ደብረ ማርቆስ እንደተመለስኩ በቀጥታ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ፡፡ አያቴ ሁለት መጻሕፍት ነበሯቸው፡፡ ዳዊቱን ያስደጎሱት ጣልያን በወጣ ማግስት፣ እናቴ ክርስትና በተነሣችበት በ1934 ዓ.ም. ነው፡፡ መልክዐ ጉባኤውን ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ የመጨረሻ ልጃቸው፣ ማለትም ይህችው አክስቴ ክርስትና ስትነሣ አሠሩት፡፡ የሷ ድርሻ ሆኖ ሳጥኗ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፡፡ «ሁለቱንም የደጎሳቸው አንድ ሰው ነው፤ አባዬ ሁልጊዜ ይሉት ነበር» አለችኝ፡፡

ምልክት የሚነሣው እንዲህ ነው፡፡ ስስ ወረቀት ገበታው ላይ ይዘረጋና በለስላሳ እርሳስ ጎን ቀስ ተብሎ ይታሻል፡፡ ከፍ ያለው ቆዳ ይጠቁራል፣ ብረቱ ያረፈበት ጎድጓዳ ነጭ ሆኖ ይቀራል፡፡ ፎቶግራፍ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከጎን ካዘነበለ መጠን ያዛባል፡፡ ወረቀቱ ግን ልክ በልክ ነው፤ በሌላ መጽሐፍ ላይ ተደርቦ ማመሳከር ይቻላል፡፡ (ቆዳው የሚፈረፈር ከሆነ ግን እንዳትሞክሩት፡፡) ከአክስቴ መጽሐፍ ላይ አራት ዓይነት ብረት ለየሁ፡፡ ከሁሉ የጠቀመኝ የመረቡ ነው፡፡ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ሲሆን የታችኛው የግራ ጥጉ ላይ ትንሽ ተሸርፏል፡፡ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢሆን የቆዳው ጉዳት ወይም የደጓሹ እጅ መዛነፍ ነው ባልኩ ነበር፡፡ ነገር ግን በቆጠርኳቸው ምልክቶች ሁሉ ላይ በዚያው ጥግ ይደጋገማል፡፡ ጉድለቱ የብረቱ ነው፡፡

በአሥረኛው ቀን ወረቀቴን ጠቅልዬ ዓባይን ተሻገርኩ፡፡ ባለሱቁ ቃሉን ጠብቆ ቆየኝ፡፡ ወረቀቱን በዳዊቱ ላይ ስደርበው አራቱም ብረቶች ገጠሙ፡፡ መረቡም ከነተሸረፈ ጥጉ ገጠመ፡፡ በዚያች ደቂቃ በልቤ የክስ ማመልከቻዬን ጽፌ ጨርሼ ነበር ብል አላጋነንኩም፡፡ እንደ ልማዴ ከዚህኛውም ላይ ምልክት አንሥቼ፣ ልኬቶቹን ጽፌ ተመለስኩ፡፡

ቀጥሎ የሄድኩት ከከተማችን ወጣ ብሎ በሚገኝ ደብር አጠገብ ወደሚኖሩ አንድ የሸመገሉ ደጓሽ ዘንድ ነው፡፡ ዓይናቸው ደክሟል፤ ብረቶቻቸው ግን በቆዳ ከረጢት ውስጥ እንደተቀመጡ ናቸው፡፡ ሁለቱን ወረቀቶች በጣታቸው እየዳበሱና ወደ ብርሃን እያስጠጉ ብዙ ቆዩ፡፡

«ያንድ ሰው ብረት ነው» አሉ በመጨረሻ፡፡

«እንግዲያው የአያቴ ዳዊት ነው ማለት ነዋ፣ አባ?»

«አይ ልጄ፡፡ ብረቱ የደጓሹን ነገር ይነግርሃል እንጂ የባለቤቱን ከየት አምጥቶ? ያ ሰው ለስንቱ ደጎሰ! እኔስ ለስንቱ ደጎስኩ!»

ይህን ከአንድ የሕግ ሰው ይልቅ አንድ ደጓሽ ቀድሞ ማየቱ ትንሽ አሳፈረኝ፡፡ አንድ ጠመንጃ የተኮሰው ጥይት መሆኑ ሲረጋገጥ ተኳሹ ማን እንደሆነ አልተረጋገጠም፤ ይህን ለስንት ዳኛ ተከራክሬያለሁ፡፡ ነገር ግን ሽማግሌው አልጨረሱም፡፡

«የትኛው ነው የቀደመው?» ሲሉ ጠየቁኝ፡፡

«ዳዊቱ ነው የሚቀድመው፡፡ በአሥር ዓመት፡፡»

«ታዲያ ይህ ምንድነው?» አሉና ጣታቸውን በዚያች ጥግ ላይ አሳረፉ፡፡

በአክስቴ መጽሐፍ ላይ ያለው ሽራፊ የጤፍ ቅንጣት ያህል ነው፡፡ በሱቁ ዳዊት ላይ ያለው ግን ከዚያ ሰፍቶ የመረቡን የመጨረሻ መስመር ግማሽ ወስዷል፡፡ እኔ «ገጠመ» ያልኩት ጉድለቱ መኖሩን አይቼ እንጂ መጠኑን አመሳክሬ አልነበረም፡፡ ብረት እየጋለ፣ እየቀዘቀዘ፣ እየተሞረደ ይበላል፤ የተሸረፈ ጥግ መልሶ አይሞላም፡፡ እንግዲህ ሰፊው ሽራፊ ያለበት መጽሐፍ ከጠባቡ በኋላ የተደጎሰ ነው፡፡ የአክስቴ በ1944 ዓ.ም. ከተሠራ የሱቁ ዳዊት ከዚያ ወዲህ ነው፡፡ የአያቴ ዳዊት ግን የ1934ቱ ነው፡፡ የፓሪሶቹም ቀን ያልተጻፈባቸውን ልባሶች በቅደም ተከተል ለመደርደር የሚጠቀሙበት ይህንኑ የብረት እርጅና ነው፡፡ ሽማግሌው የፓሪሶቹን አላነበቡም፡፡

አንድ የማምለጫ ቀዳዳ ቀርቶኝ ነበር፤ የአያቴ ዳዊት በኋላ እንደገና ተደጉሶ እንደሆነስ? ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ በሀገራችን የአራትና የአምስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ጽሑፍ የትናንት ልባስ ለብሶ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ልባሱ ስለ ጽሑፉ ዘመን ብዙ አይመሰክርም፡፡ እንደገና የተሰፋ መጽሐፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው እጥፋት ላይ የድሮው መርፌ የበሳቸው ትርፍ ቀዳዳዎች ይቀሩበታል፡፡ ባለሱቁን በስልክ አስቸግሬ በጥራዞቹ መካከል ያሉትን እጥፋቶች ፎቶግራፍ አንሥቶ እንዲልክልኝ አደረግሁ፡፡ በእያንዳንዱ ላይ አራት ቀዳዳዎች ብቻ አሉ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፡፡ ሁሉም ፈትል አለባቸው፡፡ መጽሐፉ የተሰፋው አንድ ጊዜ ነው፡፡ ልባሱ ብቻ ተቀይሮ ይሆን ብዬም ጠየቅሁ፡፡ ሽማግሌው ግን በ1983 ዓ.ም. ከቤታችን የወጣ መጽሐፍ በዚያ ብረት ሊመታ አይችልም አሉኝ፤ የዚያ ሰው ብረቶች ከደቀ መዝሙሩ እጅ ከወጡ ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፡፡ አክስቴ ደግሞ እስከ ጠፋበት ቀን ድረስ ልባሱ ተቀይሮ እንደማያውቅ ትምላለች፡፡ እኔም አልሰማሁም፡፡

ክሱን ተውኩት፡፡ ያ ዳዊት የሌላ የጎጃም ቤተሰብ ነው፡፡

እዚህ ላይ አንድ የተሳካ ጉዳይ ልጥቀስ፡፡ አሜሪካ የሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የመለኮት ትምህርት ቤት ከስጦታ ያገኘውን አንድ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መልሷል፡፡ የመጽሐፉ ማንነት ሊታወቅ የቻለው እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት በዚያው ዘመን ገዳሙ ውስጥ ፊልም አንሥቶት ስለነበረ ነው፡፡ ባለውለታዎቻችን ናቸው፡፡ ይሁን እንጂ የነዚያ ፊልሞች ዓላማ ጽሑፉን ማዳን ነበር፤ ገበታውና ቆዳው ዋና ጉዳይ አልነበሩም፡፡ በየሰው ቤት ያለው ዳዊትና መልክዐ ጉባኤማ ጭራሽ ካሜራ ፊት አልቀረበም፡፡ ባለይዞታ ቅርሱን እንዲያስመዘግብ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደንግጓል፤ ምዝገባው ግን የመጽሐፉን ስምና የገጹን ብዛት ብቻ ከያዘ የጠፋን ዳዊት ከሌላ ዳዊት አይለይም፡፡ የፊትና የኋላ ገበታ፣ የጀርባው፣ የውስጥ ጨርቁ ፎቶግራፍ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተቀምጦ፡፡ ይህን ለማድረግ አንድ ስልክና አሥር ደቂቃ ይበቃል፡፡ ሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት የብራና መጻሕፍታችንን ሲመዘግብ የልባሱንም ሁኔታ ጨምሮ መጻፉ ደስ ያሰኛል፤ ነገሩ ከሀምቡርግ በፊት ከደብረ ማርቆስ ቢጀመር ደግሞ ይበልጥ ደስ ባለኝ፡፡

በጎጃም በኩል ለእንዲህ ያለው ሥራ ቁሳቁስ አይጠፋም፡፡ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ኤልያስ ሁሉም ቅርብ ናቸው፤ በየአጥቢያውም በብረቱ የሚታወቅ አንድ ደጓሽ ነበረ፡፡ የሽማግሌውን ብረቶች በሙሉ ለስላሳ ሰም ላይ እያሳረፍኩ፣ የየአንዳንዳቸውን ስምና ማን እንዳስረከባቸው እየጠየቅሁ መዝግቤያለሁ፡፡ ሦስቱ የመምህራቸው ናቸው፤ አንዱን ራሳቸው ሞርደው ነው ያወጡት፡፡

ለባለሱቁም የሱቁን ዳዊት ምልክት ግልባጭ ትቼለታለሁ፡፡ ስም የተፋቀባቸው የጎጃም ቤተሰቦች ከመጡ እንዲያሳያቸው ለምኜዋለሁ፤ ማሳየቱን እጠራጠራለሁ፡፡ የኔ ወረቀት ከአክስቴ ወረቀት ጋር በአንድ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል፡፡ የምፈልገው ምን እንደሆነ አሁን በትክክል አውቃለሁ፤ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መረብ፣ ታችኛው የግራ ጥጉ ከአክስቴ መጽሐፍ ያነሰ የተሸረፈ፣ ወይም ጨርሶ ያልተነካ፡፡